ለመጀመሪያው ቀን የትኛው ሞተር? አፓቼ ላማራችሁ የደብረ ኤልያስ ልጆች

ቲክቶክ ላይ ትንሽ ከቆያችሁ አንድ ቪዲዮ አያመልጣችሁም። ከአንገት እስከ እግር ቆዳ የለበሰ ሰው ሞተሩን በጎኑ አስተኝቶ፣ ጉልበቱ አስፋልቱን እየነካ ኩርባ ይዞራል። ደብረ ኤልያስም ይሁን ደብረ ማርቆስ ያለ ወጣት ይህን አይቶ ስልኩን ሲዘጋ አንድ ጥያቄ ይቀርበታል፦ እኔስ በምን ልጀምር?

ጥያቄው ቀላል እንዳይመስላችሁ። እኛ ጋ ሞተር የሚገዛው በትርፍ ገንዘብ አይደለም። ስንዴ ተሽጦ፣ በሬ ተሽጦ፣ አንዳንዴም የእቁብ ዕጣ ወጥቶ ነው። ምርጫው ከተበላሸ የሚሄደው የቤተሰብ የአንድ ዓመት ልፋት ነው። ሲብስ ደግሞ ልጁ ራሱ።

ከቪዲዮው እንጀምር። የቪዲዮዎቹ ሰዎች ራሳቸው ለጀማሪ የሚሰጡት ምክር ብዙዎቻችን ከምናስበው ተቃራኒ ነው።

ከእነዚያ ቪዲዮዎች ብዙዎቹ ውድድር አይደሉም። "ትራክ ዴይ" ይባላል። የእሽቅድምድም መንገዱ ለአንድ ቀን ክፍት ይሆንና ሞተር ያለው ሰው ከፍሎ ይገባል። ዋንጫ የለም፣ አንደኛና ሁለተኛ የለም። ሰዉ በችሎታው ይከፈላል፤ ጀማሪው ለብቻ፣ መካከለኛው ለብቻ፣ ፈጣኑ ለብቻ። አንዱ ቡድን 15 ወይም 20 ደቂቃ ነድቶ ይወጣል፣ ሌላው ይገባል። ሁሉም የሚነዳው በአንድ አቅጣጫ ነው። ፊት ለፊት የሚመጣ አይሱዙ የለም፣ ጭነት የያዘ አህያ የለም፣ ድንገት የሚታጠፍ ባጃጅ የለም። ኩርባው ዳር የወደቀ ሰው ተንሸራቶ የሚቆምበት ባዶ ቦታ ተትቷል። ከመግባታችሁ በፊት ሞተሩ ይፈተሻል፦ ፍሬኑ፣ ጎማው፣ ዘይት ያንጠባጥብ እንደሆነ። መስታወቱ ይፈታል ወይም በፕላስተር ይሸፈናል፣ አሽከርካሪው ዓይኑን ፊት ለፊት ብቻ እንዲያደርግ። ብዙ ቦታ የራዲያተሩን ማቀዝቀዣ ፈሳሽ እንኳን አስወጥተው በንጹሕ ውሃ ያስተካሉ፤ አስፋልት ላይ ከፈሰሰ ያንሸራትታላ።

እንዲህ ያለው ቦታ ለእኛ ሩቅ ነው። ዱባይ አውቶድሮም አለ። ኳታር ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ2004 ጀምሮ የዓለም የሞተር ሻምፒዮና የሚካሄድበት ሎሳይል አለ። ወደ ደቡብ ከሄዳችሁ የደቡብ አፍሪካው ኪያላሚ ነው። በነገራችን ላይ እነዚህ አገሮች ውስጥ የሚሠሩ የሀገራችን ልጆች አሉና ይህ ምክር ለእነሱም ይሆናል። ጎጃም ውስጥ ግን ፍጥነት ማየት የፈለገ ሰው ጥር 23 እንጅባራ ወርዶ የአገው ፈረሰኞችን ነው የሚያየው።

እንግዲህ በትራክ ዴይ የመጀመሪያ ቀን ምን ይዞ መሄድ ይሻላል? 1000 ሲሲ ይዞ የመጣን ሰው ማንም በሩ ላይ አይመልሰውም። ልምድ ያላቸው የሚመክሩት ግን ከ300 እስከ 400 ሲሲ ያሉትን ነው፤ ያማሃ አር 3 ወይም ካዋሳኪ ኒንጃ 400 ዓይነት። አር 3 321 ሲሲ ሆኖ 40 ከምናምን የፈረስ ጉልበት አለው። ታላቅ ወንድሙ አር 1 998 ሲሲ ነው፣ ጉልበቱም ወደ 200 ይጠጋል። ያም ሆኖ ትንሹ ነው ለጀማሪ የሚሰጠው።

ምክንያቱ ምን መሰላችሁ? ጉልበታም ሞተር ስህተትን ይደብቃል። ኩርባ ላይ ፈርታችሁ ፍጥነት ብትጥሉ ቀጥታ መንገድ ላይ ስትደርሱ ነዳጁን ትጠመዝዙና የጠፋውን ሁሉ ትመልሱታላችሁ። ማታ ቤት ስትገቡ "ዛሬ ፈጥኜ ነዳሁ" ትላላችሁ። የፈጠነው ግን ሞተሩ ነው፣ እናንተ የተማራችሁት ነገር የለም። ትንሽ ሞተር ላይ እንዲህ ያለ ማካካሻ የለም። ኩርባ ላይ ያጠፋችሁት ፍጥነት ጠፍቶ ይቀራል። ስለዚህ ፍሬን መቼ እንደሚለቀቅ፣ ዓይን ወዴት እንደሚያይ፣ ነዳጅ መቼ እንደሚከፈት ሳትወዱ በግድ ትማራላችሁ።

ሁለተኛው ምክንያት እጅ ነው። የጀማሪ እጅ ይንቀጠቀጣል፣ ጉድጓድ ሲያጋጥመው መሪውን ጨምድዶ ይይዛል፣ ሲጨመድድ ደግሞ ሳያውቀው ነዳጁን ይከፍታል። 8 የፈረስ ጉልበት ላይ ይህ ስህተት ሞተሩን ትንሽ ያስነጥሰዋል። 200 ላይ ሰውየውን ይጥለዋል።

"እሱ ለተራ ሰው ነው፣ ጎበዝ ልጅ በትልቁ ቢጀምር ምን አለበት?" የሚል አይጠፋም። ጣሊያናዊው ቫለንቲኖ ሮሲ የመጀመሪያውን የዓለም ሻምፒዮንነት እ.ኤ.አ. በ1997 ያገኘው በ125 ሲሲ ነው። በ1999 በ250፣ በ2001 ደግሞ በ500 አሸነፈ። ስፔናዊው ማርክ ማርኬዝም እንዲሁ፤ በ2010 በ125 ሲሲ ሻምፒዮን ሆኖ፣ በ2012 በሞቶ 2 ደግሞ፣ በ2013 ነው ትልቁ ላይ የነገሠው። (125 ሲባል ሱቅ ውስጥ ያለውን እንዳታስቡ፤ የእሽቅድምድሙ 125 ሌላ ፍጥረት ነው። ቅደም ተከተሉ ግን ያው ነው።)

ደብረ ኤልያስ ይህን ለመረዳት አውሮፓ መሄድ አያስፈልጋትም። የቅኔ አገር ናት። ማንም ተማሪ ጉባኤ ቤት እንደገባ መወድስ ልዝረፍ አይልም። በሁለት ቤቷ ጉባኤ ቃና ይጀምራል፣ ዘአምላኪየ ይላል፣ እያለ እያለ ስምንት ቤቱ መወድስ ላይ ይደርሳል። ጉባኤ ቃና ትንሽ ስለሆነች የሰነፍ ናት የሚል የለም። እንዲያውም ሁለት ቤት ውስጥ መደበቂያ ስለሌለ ሰምና ወርቁ የተበላሸበት ተማሪ ወዲያው ይታወቃል። ትንሽ ሞተርም እንደዚያው ናት።

አሁን ወደ እኛ መንገድ እንምጣ። እኛ ትራክ የለንም። ያለን ሜዳና መንገድ ነው። መንገዱ ደግሞ ከአስፋልት ወጥቶ ወደ ቀበሌ ሲገባ ጠጠር ነው፣ በጋ አቧራ፣ ክረምት ጭቃ። ወረዳችን በደቡብ በኩል ከዓባይ ይዋሰናልና ወደዚያ የሚወርድ ሰው ቁልቁለት ይጠብቀዋል። ስለዚህ "የመጀመሪያ ቀን" ስንል ሁለት ነገር እያልን ነው። አንደኛው ሜዳ ላይ የምትማሩበት ቀን ነው። ሁለተኛው ከሳምንታት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ብቻችሁን ደብረ ማርቆስ ደርሳችሁ የምትመለሱበት ቀን ነው። ለሁለቱም የሚሆን አንድ ሞተር መምረጥ ይቻላል።

ገበያ ላይ በብዛት ያለው ቦክሰር ነው። ባለ ሦስት እግሩን ባጃጅ የሚሠራው የሕንዱ ኩባንያ ሥራ ነው። 100 ሲሲው ወደ 8 የፈረስ ጉልበት፣ 150 የሚባለው ወደ 12 አለው። ማንም አይቶት አፉን አይከፍትም፣ እውነት ነው። ግን መቀመጫው ረጅምና ጠፍጣፋ ነው፣ ቁመቱ መካከለኛ ለሆነ ሰው ሁለቱም እግር መሬት ይደርሳል፣ ቢወድቅ አንድ ሰው ብቻውን ያነሳዋል፣ መለዋወጫውም በየከተማው አለ። ካንዴላ፣ ካቴና፣ የፍሪሲዮን ገመድ ፍለጋ ባሕር ዳር አትሄዱም። 100ው በ1 ሊትር 50 ኪሎ ሜትርና ከዚያም በላይ ሊሄድ ይችላል፤ ነዳጅ በሰልፍ በሚገኝበት ጊዜ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ቲቪኤስ ኤችኤልኤክስም የዚሁ ቤተሰብ ነው ብላችሁ ውሰዱት፣ ልዩነታቸው ላይ የሚጨቃጨቅ መካኒክ ቢኖርም።

ወጣቱ የሚወደው ግን አፓቼን ነው። ይኸውም የቲቪኤስ ነው። 180ው 17 ገደማ፣ 200ው 20 ገደማ የፈረስ ጉልበት አለው፣ ክብደቱም 140 ኪሎ አካባቢና ከዚያ በላይ ነው። የፊት ፍሬኑ ዲስክ ነው፣ ጎማው ለአስፋልት የተሠራ ነው፣ የአቀማመጡ ነገር ወደ ፊት ዘንበል ያስደርጋል። አስፋልት ላይ ጥሩ ሞተር ነው፣ እሱን አንክድም። ችግሩ ጠጠር ላይ ነው። ልስልስ ያለው የአስፋልት ጎማ ልቅ ድንጋይ ላይ የሚይዘው ነገር የለውም። ዲስኩ ደግሞ ሹል ነው፤ ጀማሪ ደንግጦ በአራት ጣቱ ሲጨብጠው የፊት ጎማው ይቆልፋል። የፊት ጎማ ጠጠር ላይ ከቆለፈ ሞተሩ ከሥራችሁ ይሄዳል፣ ለማሰብ ጊዜ የለም። አዳዲሶቹ ኤቢኤስ የሚባለው፣ ጎማው እንዳይቆልፍ የሚያደርግ መሣሪያ ያላቸው አሉ። ካላችሁ ጥሩ ነው፤ ግን ልቅ ጠጠር ላይ ተአምር አይሠራም።

ሦስተኛው ዓይነት ከግብርና ጽሕፈት ቤትና ከጤና ጣቢያ ግቢ የምታውቁት ነው፦ ያማሃ ኤጂ እና ዲቲ። ሁለቱን አንድ አድርጋችሁ እንዳታዩ። ኤጂ ለገበሬ ተብሎ የተሠራ ነው። ፊትም ኋላም የጭነት መደርደሪያ አለው፣ ካቴናው ጭቃና አቧራ እንዳይገባው ሙሉ በሙሉ ተሸፍኗል፣ የመጀመሪያ ማርሹ በጣም ዝቅተኛ ስለሆነ ከሰው እርምጃ ባልፈጠነ ጉዞ ዳገት ይወጣል። ኤጂ 200ው ተዳፋት ላይ ሲቆም እንዳያስቸግር በግራም በቀኝም ማቆሚያ አለው። ለጀማሪ ከዚህ የበለጠ መምህር የለም ብንል ማጋነን አይሆንም። ጥሩው ግን ብዙ አይገኝም፣ የተገኘውም አርጅቷል።

ዲቲ ሌላ ነው። 125 ሲሲ ነው ብላችሁ አትናቁት። ባለ ሁለት ምት ሞተር ነው፤ በዝግታ ሲዞር ደካማ ይመስልና አንድ ቦታ ሲደርስ በድንገት ጉልበቱ ይፈነዳል። የለመደው ሰው ለዚያች ቅጽበት ነው የሚወደው። ያልለመደው ዳገት ላይ የፊት ጎማው ሲነሳ ነው የሚነቃው። መቀመጫውም ከፍ ያለ ስለሆነ አጭር ሰው በአንድ እግሩ ጫፍ ነው የሚቆመው። አንድ ነገር ግን ከእሱ ተማሩ፦ የፊት ፓራፋንጎው ከጎማው ርቆ ከፍ ብሎ የተሰቀለው ለውበት አይደለም። ዋልካ መሬት ላይ በክረምት የሄደ ሰው ያውቀዋል፤ ጥቁሩ ጭቃ በጎማውና በፓራፋንጎው መሃል ይጠቀጠቅና ጎማውን አስሮ ያቆመዋል። ቦክሰርና አፓቼ ፓራፋንጎአቸው ጎማው ላይ ተጣብቆ ስለሆነ እዚህ ላይ ይሸነፋሉ። ብዙ ሞተረኛ ክረምት ሲገባ የፊቱን ፓራፋንጎ የሚያስፈታው ለዚህ ነው። ጭቃው ፊቱ ላይ ይረጫል እንጂ ጎማው ይዞራል።

የኤሌክትሪክ ሞተርስ? አዲስ አበባ ውስጥ እየተለመደ ነው። መንግሥትም በ2016 በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ከወሰነ ወዲህ ነገሩ ወደዚያ እያዘነበለ ይመስላል። ለጀማሪ ደስ የሚል ጎን አለው፤ ፍሪሲዮን የለም፣ ማርሽ የለም። ግን መብራት ሁለት ቀን ጠፍቶ በሚቆይበት ቦታ፣ ከቤት ርቃችሁ ባትሪ ካለቀባችሁ በጀሪካን የሚያመጣላችሁ ሰው የለም። ለጊዜው የከተማ ነው እንላለን።

አሁን ማንም ሻጭ የማይነግራችሁን ልንገራችሁ፦ እዚህ አገር ሞተሩ ላይ የተጻፈው ጉልበት ሙሉ ለሙሉ አይገኝም። ደብረ ማርቆስ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2400 ሜትር ናት። በዚህ ከፍታ አየሩ ስስ ነው። ሞተር ደግሞ የሚሠራው ነዳጅን ከአየር ጋር አቃጥሎ ነው። አየር ካነሰ ጉልበት ያንሳል። በግምት በየ300 ሜትሩ 3 በመቶ ይቀንሳል የሚል የመካኒኮች ስሌት አለ። በዚያ ሒሳብ ደብረ ማርቆስ ላይ ሩብ ያህሉ ጉልበት የለም ማለት ነው። 12 የነበረው ወደ 9 ይወርዳል፣ 8 የነበረው 6 ይሆናል። ካርቡራቶር ያለው ሞተር ደግሞ አየሩ ማነሱን አያውቅም፣ ነዳጁን እንደ ቆላው ያፈሰዋል። ስለዚህ ካንዴላው ይጠቁራል፣ ማርሚታው ጥቁር ጭስ ይተፋል፣ ነዳጅም ይባክናል። ጥሩ መካኒክ ያስተካክለዋል። ነዳጅ በኢንጄክሽን የሚረጩት አዳዲሶቹ ራሳቸው ያስተካክላሉ።

"እንግዲያውስ ትልቅ ሲሲ ይሻላል ማለታችሁ ነው" እንዳትሉን። ለሁለተኛው ቀን፣ ማለትም ሰው ጭኖ ዳገት ለመውጣት፣ አዎ 100ው ይጨነቃል። ከ100ውና ከ150ው የቱን ብትሉ 150ውን የምንመርጠው በዚህ ምክንያት ነው። ከፍታው ጉልበቱን ይቀንሳል እንጂ ክብደቱን አይቀንስም፣ የፍሬን ርቀቱንም አያሳጥርም። የምትሞቱት ዳገት ላይ ሞተሩ ሲደክም አይደለም፣ ቁልቁል ላይ አልቆም ሲል ነው።

ስለ መቆም ካነሳን ሒሳቡን እንየው። ፍጥነት ሁለት እጥፍ ሲሆን ለመቆም የሚያስፈልገው ርቀት ሁለት እጥፍ አይሆንም፣ አራት እጥፍ ነው። ደረቅ አስፋልት ላይ በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ሞተር ፍሬን ከተያዘ በኋላ በ9 ሜትር ገደማ ሊቆም ይችላል። በ80 ሲሄድ 36 ሜትር ይፈልጋል። ልቅ ጠጠር ላይ ጎማው የሚይዘው ከአስፋልቱ ግማሽ ትንሽ በለጥ ያለውን ያህል ብቻ ነው። ስለዚህ በ80 ሲሄድ የነበረው ሰው ከ60 ሜትር በላይ ያስፈልገዋል። ይህ ሁሉ ጎበዝ ነጂ በትክክል ፍሬን ሲይዝ ነው። አደጋውን ዓይቶ እጁ ፍሬን እስኪነካ ድረስ ባለችው አንድ ሰከንድ ደግሞ በ80 የሚሄድ ሰው 22 ሜትር ተጉዟል። ደምሩት። ከዚያ አንድ ጥጃ ወደ መንገድ ዘላ የገባችበትን ርቀት አስቡ።

እዚህ ላይ ነው የአፓቼው 20 የፈረስ ጉልበት ጀማሪን የሚያታልለው። 80 ላይ ሲደርስ ድምፁ የተረጋጋ ነው፣ ሰውየው 50 የሄደ ይመስለዋል። ቦክሰር 80 ላይ ይጮሃል፣ ይንቀጠቀጣል፣ እጃችሁን ያደነዝዛል። ያ መንቀጥቀጥ ለጀማሪ ነፃ ማስጠንቀቂያ ነው።

ብዙው ቦክሰር ከበሮ ዓይነት ፍሬን ነው ያለው፣ ዲስክ አይደለም። ሜዳ ላይ ለሚማር ሰው ይህ ጥሩ ነው፤ ቀስ ብሎ ነው የሚይዘው። ረጅም ቁልቁለት ላይ ግን ከበሮው ይሞቃል፣ ሲሞቅ ይለግማል። መፍትሔው ፍሬኑን ጨብጦ መውረድ አይደለም። ከመውረዳችሁ በፊት ወደ ሁለተኛ ወይም ሦስተኛ ማርሽ ቀንሱና ሞተሩ ራሱ ይያዛችሁ። ማርሽ ነፃ አድርጎ ነዳጅ ለመቆጠብ ቁልቁል መልቀቅ የሚባለውን ነገር ከማንም አትማሩ።

ስለዚህ የእኛ ምርጫ ግልጽ ነው፦ ለመጀመሪያው ቀን ያገለገለ ቦክሰር 100 ወይም 150፣ ከተገኘ ኤጂ። የግድ የራስ መሆን የለበትም። ለሜዳው ቀን ከዘመድ መዋስ ወይም መከራየት ይሻላል፣ ምክንያቱም ትወድቃላችሁ። ዘመድ ሲሰጣችሁ ደግሞ የሚሰበረውን የፍሬን እጀታና መስታወት እንደምትተኩ አስቀድማችሁ ንገሩት፣ ኋላ ቅያሜ እንዳይመጣ። መጠኑ ይስማማችሁ እንደሆነ ለማወቅ ሁለት ነገር ሞክሩ። አንደኛ፣ ተቀምጣችሁ ሁለቱም ተረከዛችሁ መሬት ይንካ፤ ቢያንስ የእግራችሁ ግማሽ። ሁለተኛ፣ ሞተሩን ሣር ላይ ቀስ አድርጋችሁ አስተኙትና ብቻችሁን አንሱት። ማንሳት ያቃታችሁ ሞተር የእናንተ አይደለም፣ ገና ነው። ይህ ለሴቶች ልጆችም ያው ነው፤ ጉዳዩ የጡንቻ ሳይሆን የቁመትና የክብደት መስማማት ነው። መሪውን ይዛችሁ በክንድ ከመጎተት ጀርባችሁን ወደ መቀመጫው ሰጥታችሁ በእግር ብትገፉ ይነሳል።

ገንዘቡንም አስቡበት። ብር በገበያ ይተመን ከተባለበት ከሐምሌ 2016 ወዲህ የሞተርም የመለዋወጫም ዋጋ የትናንቱ አይደለም። እዚህ ዋጋ ብንጽፍ ነገ ይሳሳታል። ይልቅ በእጃችሁ ካለው ገንዘብ አምስተኛውን ቆርጣችሁ አስቀምጡ፣ በቀረው ሞተር ፈልጉ። ያ አምስተኛ ለሄልሜት፣ ለወፍራም ጫማ፣ ለጓንት፣ ለመንጃ ፈቃድና ለመድን ነው። ሄልሜት የመሞትን ዕድል 42 በመቶ፣ የጭንቅላት ጉዳትን ደግሞ 69 በመቶ እንደሚቀንስ ብዙ ጥናቶችን አንድ ላይ የመረመረ ሥራ አሳይቷል። በአፓቼና በቦክሰር መሃል ያለው የዋጋ ልዩነት ስንት ሄልሜት እንደሚገዛ ራሳችሁ አስሉት። ሄልሜት ስትገዙ አገጭ የሚሸፍነውን ግዙ፣ ማሰሪያውን እሰሩ። መሪው ላይ የተንጠለጠለ ሄልሜት ያዳነው ሰው የለም።

የሜዳው ቀን እንዲህ ይሁን። ቦታው የታጨደ ማሳ፣ የትምህርት ቤት ሜዳ በፈቃድ፣ ወይም ገበያ የማይውልበት ቀን ላይ የገበያው ቦታ። ሕፃናትና ከብት የሌሉበት ሰዓት ምረጡ። ከመነሳታችሁ በፊት እንደ ትራክ ዴዩ ፈትሹ፦ የሁለቱ ፍሬን፣ የጎማው ጥርስ፣ ዘይት፣ ካቴናው። ካቴናው መሃሉ ላይ ወደ ላይና ወደ ታች ሲነቀነቅ 2 ወይም 3 ሴንቲ ሜትር ያህል ቢላላ ደህና ነው። ከዚያ 20 ደቂቃ ነድቶ 20 ደቂቃ ማረፍ። የደከመ እጅ ፍሪሲዮን አይሰማውም።

የመጀመሪያው 20 ደቂቃ ነዳጅ ሳትሰጡ በፍሪሲዮን ብቻ ነው። ቀስ ብላችሁ ልቀቁት፣ ሞተሩ መጎተት ሲጀምር ያዙት፣ መልሱት። እግር መሬት ላይ ሆኖ እንደ ሕፃን ዳዴ በሉ። ሁለተኛው በአንደኛ ማርሽ ቀጥ ብሎ መሄድና መቆም። መጀመሪያ በኋላ ፍሬን፣ ከዚያ የፊቱን በሁለት ጣት እያለሳለሱ መጨመር። ሦስተኛው ስምንት ቁጥር ነው። ሁለት ድንጋይ በስምንት ሜትር ርቀት አስቀምጡና በዙሪያቸው ስምንት ሥሩ። ድንጋዩን ካያችሁ ትገጩታላችሁ፤ ዓይናችሁ የሚቀጥለው መውጫ ላይ ይሁን። ሰው ከኋላ አይጫን። "ላስተምርህ" ብሎ ከኋላ የሚሰቀለው ጓደኛ ክብደቱን በማይሆን ጊዜ ሲያዘነብል ነው ብዙው የሚወድቀው።

መንገድ ላይ ለመውጣት ሕጉ አለ። መንጃ ፈቃድ፣ ታርጋ፣ እንዲሁም በአዋጅ ቁጥር 799/2005 መሠረት የ3ኛ ወገን መድን የግድ ነው። መድኑን ብዙ ሰው እንደ ቅጣት ያየዋል። ሰው ገጭታችሁ ሽማግሌ ፊት ስትቀርቡ ግን የቤተሰባችሁን ከብት የሚያተርፈው እሱ ነው። ሌላው በክልላችን ካለው የጸጥታ ሁኔታ የተነሳ ሞተር በሰዓት ወይም በመንገድ የሚገደብበት ጊዜ አለ። ከመነሳታችሁ በፊት ጠይቁ፣ አጠያየቁ። ነገ አዲስ አበባ ወስጄ እሠራበታለሁ የምትሉ ደግሞ፣ እዚያ ሞተር ከሰኔ 30 ቀን 2011 ጀምሮ ታግዶ በኋላ በምዝገባና በጂፒኤስ ብቻ እንደተፈቀደ አትርሱ። እዚህ ስለገዛችሁት ብቻ እዚያ አትነዱትም።

አፓቼ መቼ? በወር ወይም በዓመት አይለካም። ስምንቱን በግራም በቀኝም አሥር ጊዜ እግር ሳታወርዱ ሥሩ። ከዚያ ጠጠር ላይ ምልክት አድርጉ፣ በ40 እየመጣችሁ ምልክቱ ላይ ፍሬን ያዙ፣ የቆማችሁበትን በእርምጃ ቁጠሩ። ጎማው ሳይቆልፍ ከ20 እርምጃ በታች፣ አምስት ጊዜ ተከታትሎ ከሆነ ወደ 180ው ማየት ትችላላችሁ። 25ና 30 የሚመጣባችሁ ከሆነ ቦክሰሩ ገና የሚያስተምራችሁ አለው።

በሚቀጥለው ጽሑፍ ያገለገለ ሞተር ስትገዙ ሊብሬው ላይ ያለውን የሻንሲና የሞተር ቁጥር እንዴት እንደምታመሳክሩ እናያለን። እስከዚያው ሊብሬ ሳታዩ ቀብድ አትስጡ።